የግራ ካሱ አቀበት

አንድ ወዳጄ ከዓመታት በፊት ኔፓል ደርሶ ተመለሰና ቤቴ መጥቶ ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። በሂማላያ ሰንሰለት ውስጥ አናፑርና በሚባለው ተራራ ግርጌ አራት ቀን በእግሩ ተጉዟል። ፑን ሂል ከምትባለው፣ 3,210 ሜትር ከፍታ ካላት ጉብታ ላይ ቆሞ ጎሕ ሲቀድ በረዶ የለበሱትን ጫፎች አይቷል። ማታ ማታ ደግሞ በጉሩንግና በማጋር ሕዝቦች መንደር እያደረ ምስርና ሩዝ በልቷል፤ ዘፈናቸውን ሰምቷል። “ረጅም መንገድ አይደለም፤ ተራራ ወጪ መሆንም አያስፈልግም። ጉልበት ያለው ሁሉ ይሄደዋል” አለኝ። ከዚያም አንዱን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ “ተራራውንስ ይኸው ይዤልህ መጣሁ። ሰዎቹን ግን ማምጣት አልቻልኩም” አለ።

ወዳጄ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። በገዛ አገሬ አንድም ተራራ በእግሬ ወጥቼ አላውቅም። ወደ ሰሜን የሄድኩት ሁልጊዜ በመኪና ነው፤ ተራራውንም ሰውንም ያየሁት በመስኮት ነው። ከእነዚያ በመስኮት ካየኋቸው ተራሮች አንዱ ግን ለቤተሰባችን እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረም። እርሱም ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያስወጣው የግራ ካሱ አቀበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አባት የማይጨው ዘማች ነበሩ። ከቡልጋ ተነሥተው በእግራቸው ማይጨው ደርሰዋል፤ በእግራቸውም ተመልሰዋል። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም። በግራ ትከሻቸው ላይ የጣት ጫፍ የምታስገባ ጠባሳ ነበረቻቸው። ልጅ ሆኜ ጣቴን እያገባሁባት፣ “አባባ፣ ይቺ የጣሊያን ናት?” ብዬ ስጠይቃቸው፣ “የጣሊያንስ ብትሆን ምን ነበረበት!” ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሴት አያቴ ከጓዳ ሆና፣ “ተዋቸው ልጄ፣ የመንገድ ናት” ትለኛለች።

የመንገድ ጥይት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ታሪክ ሳነብ ነው። ጦሩ ማይጨው ላይ ተሸንፎ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሰማይ አውሮፕላን፣ ከጎን ደግሞ ጣሊያን ያስታጠቃቸው የራያና የአዘቦ ሰዎች ይመቱት ነበር። አያቴ ጠባሳዋን ያተረፉት እዚያ ነው። እስኪሞቱ ድረስ በቤታቸው “ራያ” የሚል ስም አይነሣም ነበር። የሚያነሣው ቢኖር እርሳቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው ይወጣሉ።

እንግዲህ በኅዳር 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ቆቦ የወረድሁት የወዳጄን ፎቶግራፎች ከአያቴ ጠባሳ ጋር አንድ ላይ ይዤ ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

*

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆመውላታል። በመካከሉ ሜዳ ነው። ኅዳር ላይ ሜዳው ሁሉ ማሽላ ነው። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ፤ አላፊ አግዳሚው ጥንቅሽ እየላጠ ይመጣል። ሙቀቱ ለደጋ ሰው ከበድ ይላል። ማለዳ ግን ፀሐይ ከዞብል ኋላ ብቅ ስትልና የላስታ ገደሎች እላይ እላያቸው ሲቀሉ፣ የወዳጄ ፑን ሂል ከዚህ የሚበልጠው በበረዶው ብቻ ነው ያሰኛል።

በአስፋልቱ የሚያልፍ መንገደኛ ሜዳው ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ መተላለፊያ ይመስለዋል። ከመኪና ወርዶ አንድ ቀን የዋለ ሰው ግን የአገሩ ሕይወት በአብዛኛው የሚሄደው በአግድሙ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሆኑን ያያል። እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች ከላስታ ተራሮች ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አፋር ቆላ ይሄዳሉ። ገበሬው የክረምቱን ጎርፍ ከወንዙ እየቀለበሰ ደለል ካዘለው ውሃ ጋር ማሳው ላይ ያስተኛዋል፤ ይህንንም “ጠለፋ” ይለዋል። ዝናብ ቢያጥር እንኳ ደጋ የዘነበው የቆላውን ማሽላ ያደርሰዋል። ጨው ደግሞ በግመል ከአፋር ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ እህል ወደ ታች ይወርዳል። በ1512 ዓ.ም. አገራችን የገባው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አንጎት ይባል በነበረው በዚህ አካባቢ አልፎ ላሊበላን አይቷል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ካየ በኋላ አገሩ ያሉት ሰዎች እንዳያምኑት ፈርቶ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ያየውም በዚያው ጉዞው ነው።

ሰዉም እንደ ሸቀጡ ነው። ቆቦ ገበያ ውስጥ ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛም ትግርኛም ይሰማል። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አይራራቁም። ነሐሴ ላይ የቆቦ ልጃገረዶች የሚጫወቱት “ሶለል”፣ ለሰቆጣ “ሻደይ”፣ ለላሊበላ “አሸንድዬ”፣ ለትግራይ “አሸንዳ” ነው። ያው ጨዋታ ተራራ በወጣና በወረደ ቁጥር ስሙን እየለወጠ ይሄዳል።

*

መንገድ የሚመራኝ ሰው ያገኘልኝ አንድ የቆቦ መምህር ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ እግራቸው ግን የሠላሳ ዓመት ነው። ሽርጥ ታጥቀው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን በበትሩ ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ከእርሳቸው ጋር እንዲያ ተስማምተናል። ኮረም የሚኖሩ ዘመዶች ስላሏቸው፣ “በመኪና ከሄድሁ ወገቤ ይያዛል፤ በእግሬ ከሆነ እሺ” አሉ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርሁት እርሳቸው ቤት ነው። እርሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነን። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለ ነበር የሥጋ ነገር አላስቸገረንም። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ከአንድ ገበታ በላን። ከዚያ ቡና ተፈላ። እየተጫወትን ሳለ በአገሩ ደም ሲፈስ እንዴት እንደሚታረቅ ጠየቅኋቸው።

“ዘወልድ አለ” አሉ።

ዘወልድ የራያ ቆቦ የሽምግልና ሥርዓት ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ እንዳይመለስ ይማማላሉ። ከደጋው ከፍ ብሎ ባለው አገር፣ ከአፋር ጋር ለሚነሣው ጠብ ደግሞ “አቦ ገረብ” የሚባል ተመሳሳይ ሥርዓት አለ፤ ትርጉሙ “የወንዝ አባት” እንደ ማለት ነው።

“ዋናው ካሣው አይደለም” አሉ ሽማግሌው። “ማመኑ ነው። ገዳዩ ‘እኔ ነኝ’ ካላለ ሽማግሌ ምን ላይ ይቀመጣል?”

ይህችን ንግግር ልብ አልኳት። ስለ አያቴ ግን ያን ማታ ትንፍሽ አላልኩም።

*

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን በዋጃ በኩል እስከ አላማጣ በመኪና ሄድን፤ ከሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ከአላማጣ በላይ ግራ ካሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መኪናው የሚሄድበት መንገድ በጣሊያን ዘመን የተቀየሰ ነው፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የእግረኛው መንገድ ግን ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ ጠመዝማዛውን እየቆረጠ ሽቅብ ይሄዳል። ከታች ግራር፣ ቁልቋልና እሬት ነው። ከፍ ሲሉ ወይራው ይጀምራል፤ ከዚያ ጥድ ይመጣል። ነፋሱም ይለወጣል። ከአላማጣ ሜዳ እስከ ኮረም አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው የሚወጣው፤ ላብ ለብሰው የጀመሩትን መንገድ ጋቢ ለብሰው ይጨርሱታል።

እኩሌታውን ከወጣን በኋላ አንድ ወይራ ሥር አረፍን። የራያ ሜዳ ከሥራችን ተዘርግቷል። በስተደቡብ የዞብል ተራራ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ሽማግሌው ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አካፈሉኝና፣ “አንተ ልጅ፣ ሰው በመኪና የሚወጣውን አቀበት በእግርህ የምትወጣው ለምንድን ነው? ስለት አለብህ እንዴ?” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የአያቴን ጠባሳ፣ የሴት አያቴን “የመንገድ ናት” ማለት፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከታች አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ጠመዝማዛውን ሲወጣ፣ እስኪደርስብንና እስኪያልፈን ድረስ ድምፁን እናዳምጥ ነበር።

*

እዚህ ላይ አንባቢ ትዕግሥት አድርጎ ወደ ኋላ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የራያና የአዘቦ ሰዎች በዚያ ዓመት ያደረጉት ነገር በማይጨው አልተጀመረምና።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ ተነሥተው ነበር፤ ዘመቻም ታወጀባቸው። እንዲያስገብሯቸው ከታዘዙት አንዱ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የራስ ጉግሣና የአልጋ ወራሹ የንጉሥ ተፈሪ ቅራኔ እየከረረ ሄዶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነትና በራስ ጉግሣ ሞት ተደመደመ። የዘመቻ ወሬ ለአዲስ አበባ የቤተ መንግሥት ወሬ ነው። ለራያ ገበሬ ግን ዘመቻ ማለት ጦር ሲያልፍበት ጎተራው መገልበጡና ከብቱ መነዳቱ ነው።

ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮረም አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሰንብተው ነበር። ከጦርነቱ በፊት የራያና የአዘቦ ባላባቶችን እያስጠሩ ብርና ልብስ ሸልመዋል፤ ጣሊያንም በበኩሉ ጠመንጃና ብር እየሰጠ ነበር። ሁለቱም ወገን ሲገዛው የነበረው ያ ሕዝብ ሁለቱንም ተቀብሎ ያመዛዝን ነበር። ጦርነቱ ሲነጋ ተጀምሮ ሲመሽ የኢትዮጵያ ጦር ጥቃት ሳይሳካ ቀረ። ማፈግፈግ ሲጀመር ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋደለ።

ከሁሉ የከፋው ቀን መጋቢት 26 ነው። የተፈታው ጦር በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ባለው ሜዳ ሲያልፍ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱበት። ንጉሠ ነገሥቱ ከኮረም ታጥፈው በላስታ ተራሮች ላሊበላ ደረሱ፤ እዚያም ሱባዔ ገቡ። ሚያዝያ 22 አዲስ አበባ ገቡ፤ ሚያዝያ 24 በባቡር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለዚያ እንደ ዝናብ ስለሚወርድ መርዝ ተናገሩ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በዚያው መንገድ በግራና በቀኝ ከቁጥቋጦው ስለተተኮሰው ጥይት ግን መምህሮቻችን ቶሎ ያልፉታል። ማለፋቸው ከክፋት አይደለም፤ የገዛ ወገን ጥይት ለማስተማር አይመችም።

*

“አባቴ ነበረበት” አሉ ሽማግሌው።

ወይራው ሥር ተቀምጠን፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ ነው የተናገሩት።

“ጣሊያንን ወዶ አይደለም። ጠመንጃ ወዶ ነው። በዘመቻው ጊዜ የአባቱን በሬዎች ነድተውበታል፤ ጠመንጃ ቢኖረኝ ኖሮ እያለ ነው ያደገው። ጣሊያን ጠመንጃ ሲሰጠው ተቀበለ። በዚህ መንገድ ሰው ሲመጣ... ተኮሰ። ቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ የቆዳ ዝናር ተሰቅሎ ነበር ይላሉ ታላላቆቼ። ማንም አይነካውም። የማን እንደሆነም አይጠየቅም።”

“ዝናሩ አሁን የት ነው?” አልኳቸው።

“ነደደ። ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ነደደ።”

ቤቱ የተቃጠለው በ1935 ዓ.ም. የተጀመረው የወያኔ አመፅ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሲሰበር ነው። ጣሊያን ከወጣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ራያ፣ አዘቦ፣ ወጀራትና እንደርታ በመንግሥት ላይ ተነሡ። ከመሪዎቹ ዋናው ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ነበሩ። ግብሩ፣ የሹማምንቱ በደልና የቆየው ቂም አንድ ላይ ነው የፈነዳው። መንግሥት በምድር ጦር ብቻ ስላልቻለ እንግሊዞችን ለመነ፤ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በመስከረም 1936 ዓ.ም. መቀሌን ደበደቡ። አመፁ ሲሰበር ቅጣቱ መጣ። የራያ ሰዎች መሬት ተወረሰ፤ ራያም ወደ ወሎ ጠቅላይ ግዛት እንዲዞር ተደረገ።

“እናቴ እኔን አርግዛ ዱር ገባች” አሉ። “የተወለድሁት ገደል ሥር ነው። አባቴ በእርጅናው ስለ ጣሊያን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። ‘የተራበ ሰው ነበር፤ ቆስሎ የሚሄድ ሰው ነበር። በሬ የነዳብኝ እርሱ አልነበረም’ አለ። ሌላ አልተናገረም። በሳምንቱ ሞተ።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አባቴ ማንን እንደመታ አያውቅም። አያትህም ማን እንደመታቸው አያውቁም። የአንተ አያት የቆሰሉት በእኔ አባት ነው አልልህም፤ አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ከተኮሱት አንዱ አባቴ ነው” አሉ።

የምመልሰው አጣሁ። ያመንሁትን እነግራችኋለሁ፤ ለአንድ አፍታ ቂም ተሰማኝ። የማላውቃቸው የሽማግሌው አባት በዓይኔ ታዩኝ፤ ከቁጥቋጦ ኋላ በርከክ ብለው አየኋቸው። ቀጥሎ ግን አንድ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አያቴ ከቡልጋ ሲዘምቱ ስንቃቸው አልቆ ነበር። ጦሩ በመንገዱ የበላው የማንን እህል ነው? የነዳው የማንን በሬ ነው? ይህንንስ አያቴ ነግረውን ያውቃሉን? እርሳቸው ቤት ዝም የተባለው ስለ ጠባሳዋ ብቻ አልነበረም ይሆናል።

“እንሂድ” አሉ ሽማግሌው፤ ቆሎውን ከሽርጣቸው ላይ አራግፈው ተነሡ። “ፀሐይ ሳትበረታ ጥዱ ጋ እንድረስ።”

*

ኮረም የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለ አምባ ላይ ተቀምጣለች። ነፋሷ አጥንት ይሰማል። የዓለም ሕዝብ ኮረምን የሚያውቃት በአንድ ማለዳ ፊልም ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያነሡት፣ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የታየው የረሃብ ፊልም የዚህች አምባ ብርድ ውስጥ ያደሩትን ሰዎች ያሳያል። ከዚያ በፊትም ኮረም የውጭ ሰው ለምስክርነት የመጣባት አገር ነበረች። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሕክምና ቡድን ድንኳኖች የቀይ መስቀል ምልክት ተነጥፎባቸው ሳለ ኮረም አጠገብ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደቡ። በቀጣዩ ወር የስዊሱ ሐኪም ማርሴል ዡኖ እዚሁ ደርሶ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን አየ። ዡኖ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1937 መጨረሻ፣ መድኃኒት ይዞ ሂሮሺማ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የውጭ ሐኪሞች አንዱ ሆነ። በኮረም ያየው ለሂሮሺማ ያዘጋጀው ይመስለኛል።

ያን ሌሊት ያደርነው በሽማግሌው ዘመዶች ቤት ነው። እሳት ዳር ተቀምጠን ሽማግሌው ስለ እኔ ሲያስተዋውቁ፣ “የማይጨው ዘማች የልጅ ልጅ ነው” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። የቤቱ እመቤት ተነሥታ ጋቢ ደረበችልኝ።

*

በነጋታው ወደ ሐሸንጌ ሄድን። መንገዱ ከአቀበቱ በኋላ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ገብስና ስንዴ በሚዘራበት ደልዳላ መሬት ይሄዳል። ሐይቁ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል እንደ ሳሕን ተቀምጧል። የሚወጣው ወንዝ የለውም፤ የገባበትን ውሃ ሁሉ ይዞ ይቀራል። ዳሩ ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ፤ ከብት ውሃ ይጠጣል። ውብ ነው። ወዳጄ ቢያየው ኖሮ ፎቶግራፍ አንሥቶ አይጠግብም ነበር።

በዚህ ውብ ቦታ አካባቢ ሦስት የባዕድ ጦር አልፏል። ወፍላ በሚባለው በዚሁ አገር በ1534 ዓ.ም. ክረምት የታዋቂው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫን ዳ ጋማ ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ ተማርኮም ተገደለ። አራት መቶ ነፍጠኞች ይዞ አገራችን የገባ ሰው ነበር። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ናፒዬር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በሐይቁ ዳር አልፏል፤ አርባ አራት ዝሆኖች ነበሩት። ከወታደሮቹም መካከል ከሂማላያ ግርጌ ካለው ከፑንጃብ አገር የመጡ ነበሩ። ወዳጄ ተራራ ለማየት ወደ ሂማላያ ሲሄድ፣ እነዚያ ደግሞ ከሂማላያ ግርጌ ተነሥተው በእኛ ተራራ በእግራቸው አልፈዋል። ሦስተኛው የጣሊያን ነው። የሐይቁ ውሃ ግን የማንንም ስም አልያዘም። በዳሩ ላይ ሐውልት ፈልጌ አላየሁም።

ሽማግሌው ወደ ውሃው ዝቅ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ውዱእ አድርገው ሶላታቸውን ሰገዱ። እኔም ጥቂት ራቅ ብዬ ለአያቴ አንድ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ሲጨርሱ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

“የዚያን ጊዜ ደም ዘወልድ አልተቀመጠበትም” አሉ። “የሸዋ ሰው አገሩ ገባ። የእኛም ሰው ዱር ገባ። ማን ማንን ይጥራ? እንዲሁ ቀረ።”

“አሁንስ?” አልኳቸው።

“አሁን ማን አለ? አንተና እኔ ነን” አሉና ሳቁ። ቀጠል አድርገው ሳቃቸውን ዋጡት። “እኔ ግን ተናግሬአለሁ” አሉ።

*

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ሰውየው ጥሩ አስተናገዱህ?” አዎ አልኳት። “እንግዲያው ይበቃል” አለች። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ ይህን ጽሑፍ ያን ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የአያቴን ስጽፍ የሽማግሌው አባት ወንጀለኛ ብቻ ሆነው ይወጡብኛል፤ የእርሳቸውን ስጽፍ የአያቴ ትከሻ ይታየኛል።

ከዚያ ጉዞ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጦርነት መጣ። ያው መንገድ፣ ያው ሜዳ፣ ያው አቀበት እንደገና የጦር መንገድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ቆቦ ውስጥ ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ጋብ ካለ በኋላ እንደገና የተቀሰቀሰው በዚያው በቆቦ ዙሪያ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ ስለ ሽማግሌው የሰማሁት ነገር አልነበረም። እኔም እንደ አያቴ ቤት ሰዎች ስማቸውን ማንሣት ፈርቼ ከረምሁ።

ስልኩ ሲከፈት ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን አነሡት። ድምፃቸው ከስቷል። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ ነገሩኝ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። እኔ ሳለቅስ እርሳቸው ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፦

“የአያትህን ነገር ጻፍኸው?”

“ገና ነኝ፤ አልሆንልህ አለኝ” አልኳቸው።

“ጻፈው። የአባቴንም አብረህ ጻፍ። እዚህ አሁንም የሚተኩስ ልጅ አለ፤ ነገ የልጅ ልጁ ‘እኔ ነኝ’ ሊል ይገባዋል። መንገዱን ማን ያሳየው?”

እነሆ፣ ሁለቱንም ጻፍኋቸው።